ሐጂ ሐርቡ አረፉ

ንጹህ ታሪክ አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ታሪኩን አትጠይቁት፤ መጥረጊያውን የት እንደደበቀው ጠይቁት። ሰውም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ እድፍ የሌለበት ታሪክ ያለው ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ አጥቦ አስጥቶታል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔው ራሴ ሳጥብ ተይዤ ነው!

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሥርዓት ላስረዳችሁ፤ አይዟችሁ፣ አጭር ነው። የምሠራበት የዜና ድረ ገጽ ቢሮ ደሴ ፒያሳ ነው። ፕሮግራመራችን ሰይድና አራሚያችን ዘይነባ ግን ኮምቦልቻ ሆነው ነው የሚሠሩት። ጽሑፎቻችን የሚቀመጡበትን መዝገብ የዘረጋው ሰይድ ነው። የሰፈራችሁን ቅሬ አስቡት፤ የቀብርና የሐዘን ማኅበራችሁን። ቅሬው አንድ መዝገብ አለው፤ መዝገቡም የጸሐፊው አልጋ ሥር ነው። አይጥ ከበላው፣ የማን አባት መቼ እንደሞተ የሚያውቀው አይጡ ብቻ ነው። የሰይድ መዝገብ ግን እንዲያ አይደለም። እያንዳንዱ አባል ሙሉውን ግልባጭ ኮምፒውተሩ ላይ ይዞ ይዞራል። አንድ ነገር ስትጽፉ ወይም ስትለውጡ ታስመዘግባላችሁ፤ እነሱ «ኮሚት» ይሉታል። ስማችሁ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና «ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው» የምትል አጭር ማስታወሻ አብረው ይገባሉ። ከዚያ ወደ ጋራው መዝገብ ትልኩታላችሁ፤ የጋራው መዝገብ የገባ ነገር ወዲያው ለሕዝብ ይወጣል። ሌላው ባልደረባም ከዚያው ወደ ራሱ ይስባል። በቃ። ይህን ከያዛችሁ ሰይድ የሚያውቀውን ግማሽ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሟቹ።

ሐጂ እንድሪስ በደሴ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ዘዴያቸውም የታወቀ ነው። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ሲገጥሟቸው አንደኛውን «ያኛው እኮ ታሟል፣ አንተን አንተን ይላል» ይሉታል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ ጤነኞች ብርቱካን አንጠልጥለው መንገድ ላይ ይገናኛሉ! ሐጂ ያላስታረቁት ራሳቸውንና የባለቤታቸውን ወንድም ብቻ ነበር። ደጋን የሚኖሩት አያ ይመር ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ሐጂ ዱዓ የሚያስጀምሩ ሽማግሌዎችን ሲጠሩ የአያ ይመርን ስም ዘለሉ። አያ ይመር ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ደሴን ዘለሏት። መሐል ላይ ወንድም አልባ የቀሩት የሐጂ ባለቤት እትዬ ፋጡማ ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ከሐጂ ጋር ለቃለ መጠይቅ ፒያሳ ቀጠሮ ነበረን። ከከሚሴ ይመለሳሉ፤ እኔ ማኪያቶ አዝዤ እጠብቃለሁ። ስልኬ ጮኸ። ሐርቡ የሚኖረው ወሬ አቀባያችን አህመድ ነው።

«ሃሎ… ሐጂ እንድሪስ… ሐርቡ ላይ አረፉ…»

«ምን?!»

«አረፉ! ጎ…» አለና ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። እኔ በአንድ ቃል ሰው አልገድልም።

«አህመድ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ! በዓይኔ እያየኋቸው! አጠገባቸው ነኝ።»

«በሰላም ነው ያረፉት?»

«በሰላም፣ አልሐምዱሊላህ! ጥላ ሥር ጋደም አድርገናቸዋል።»

«ቤተሰብ ሰምቷል?»

«አሁን ለእትዬ ፋጡማ ደወልኩላቸው።»

«መቼ ይነሳሉ?»

«ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ኢንሻአላህ።»

አላህ ይማራቸው ልል ስል ኔትወርኩ ቀደመኝ። እስቲ ፍረዱኝ! ማን? ሐጂ እንድሪስ። የት? ሐርቡ። የዓይን ምስክር አለ፣ ቤተሰብ ሰምቷል፣ የቀብሩ ሰዓት ታውቋል። ለዜና ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? አንድ ነገር ብቻ፦ ሰውየው ሞተዋል ወይ? እሱን አልጠየቅሁም።

ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ጽፌ ጨረስኩ። ስመዘግብም ማስታወሻ አስገባሁ፦ «ሐጂ እንድሪስ ሐርቡ አርፈዋል። በስልክ ተረጋግጧል።» ላክሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። እኔ መታጠቄንም እንጃ!

የቅሬው ለፋፊ ከኔው ድረ ገጽ አንብቦ ሰፈሩን አዳረሰ። ከሰዓት በኋላ እኔም ለሐዘንና ለዘገባ ሄድኩ፤ ሁለት ሥራ በአንድ ታክሲ። ድንኳኑ ተተክሏል። እትዬ ፋጡማ ከሴቶቹ መሐል ቆመው ይጮሃሉ፤ የሚጮሁት ግን እንደ ሐዘንተኛ አልነበረም።

«ኧረ ሰዎች! ጎማ ፈንድቶበት ነው! ቅድም ተደውሎልኛል እኮ!»

ሴቶቹ ተያዩ።

«አልተቀበለችውም… ያረቢ፣ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ስጣት!» አሉና ልቅሶውን ጨመሩላቸው።

እውነቱን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውንም እናጽናናቸው ነበር።

አሱር ካለፈ በኋላ፣ አስከሬን ስንጠብቅ፣ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሐጂ እንድሪስ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። ድንኳን አዩ። ወግ አዋቂ ናቸውና ምንም ሳይጠይቁ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ለሟቹ የፋቲሃ ዱዓ አደረሱ። «አሚን» የሚል ሰው ጠፋ። ከዚያ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው፣ ማለትም ወደ እኔ፣ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?»

«እርስዎ» አልኳቸው።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! መቼ?»

«ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ።»

ሰዓቱ እንኳን ትክክል ነበር። ጎማው የፈነዳው ያኔ ነው።

ድንኳኑ ገና በቅጡ ሳይስቅ፣ አያ ይመር ከደጋን እያለቀሱ ደረሱ። ዜናውን ልጃቸው ናት በስልኳ ያነበበችላቸው። ሐጂን ቆመው ሲያዩ ሮጠው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። «አፉ ሳልልህ፣ ይቅር ሳልልህ ሞትክብኝ ብዬ… አፉ በለኝ!» «አንተም አፉ በለኝ!» ተባባሉ። እትዬ ፋጡማ ከሰባት ዓመት በኋላ የወንድማቸውን ትከሻ ሲስሙ ግን የምር አለቀሱ። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ እውነተኛ ዜና ጽፌያለሁ፤ አንዱም ሰው አላስታረቀም።

አህመድን ስወቅሰው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ሞተው ቢሆን ‘አኼራ ሄዱ’ አልልህም ነበር? እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ሐጂን ያህል ሰው በ‘አረፉ’ የምቀብረው? ቀጠሮህ ላይ እንደሚዘገዩ ልነግርህ ነው የደወልኩት!» ያን ዕለት እርማት ጻፍኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ አስመዘገብኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛሬ ስለ ድንች ዋጋ እጽፍላችሁ ነበር።

በማግስቱ ዋና አዘጋጃችን አቶ ፈቃደ ጠሩኝ። አቶ ፈቃደ ነጭ ሸሚዝ ይወዳሉ። ነጭ ሸሚዝ መውደድ ነውር የለውም፤ ሌላው ነገር ሁሉ ነጭ ሸሚዝ ይሁን ማለት ነው ነውሩ።

«ሁለቱንም አጥፋቸው» አሉኝ።

«ሁለቱንም?»

«ሞቱንም እርማቱንም! ሞት ከሌለ እርማት ለምን ያስፈልጋል?»

ሲሰሙት ፍልስፍና ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ድንቁርና ነው።

«ከድረ ገጹ ብናነሳውም መዝገቡ ውስጥ ይቀራል እኮ።»

«ከመዝገቡም ይውጣ! ነገ አንድ እንግዳ መጥቶ ‘እስቲ ታሪካችሁን አሳዩኝ’ ቢለን? ታሪካችን ንጹህ መሆን አለበት።»

በዕድሜዬ የድረ ገጽ ታሪክ አሳዩኝ ብሎ ፒያሳ የመጣ እንግዳ አላየሁም። መጥቶ ቢሆን እንኳ የምናሳየው ታሪክ ያ ብቻ ነበር!

ሰይድ በስልክ ተጠየቀ። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ አለው።

«ታሪኩን እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ ቀላል ነው። ሁለቱን ኮሚቶች ከመሐል እነቅልና የፊቱን ከኋላው እሰፋዋለሁ። ከዚያ የጋራው መዝገብ በግድ እንዲቀበለው አደርጋለሁ።»

«በግድ?» አልኩት።

«ፎርስ ነው የሚባለው። በፈቃዱማ አይቀበልም፤ አሮጌውን ያስታውሳል።»

ልብ በሉልኝ። ማሽኑ እንኳ «ይህ እኔ የማውቀው ታሪክ አይደለም» ብሎ ይከራከራል። ከቢሮው ሁሉ ኅሊና የተገኘበት እሱ ብቻ ነበር።

እኔስ? «ተዉት፣ ይቀመጥ፤ ስህተቱ የኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አቶ ፈቃደን ፈርቼ አይደለም፤ እሳቸውን ከነሸሚዛቸው ዓመታት ችያለሁ። ያቺን «ተረጋግጧል» የምትል ቃል ከስሜ አጠገብ ማየት አስጠልቶኝ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ያደግሁ ሰው፣ የተናገርኩት እንዲጠፋ ዝም አልኩ። ሰይድ ሰፋ። ሁላችንም አሮጌውን ግልባጭ ጥለን አዲሱን እንድንስብ ታዘዝን፤ ጣልን፣ ሳብን። ዘይነባን ማንም አላስታወሳትም፤ ያን ማክሰኞ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች፣ አራስ ናት።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ደጋን ላይ አንድ ጎረቤት፣ ጎረቤት መቼም አይጠፋም፣ አያ ይመርን ይነካካቸዋል። «ለመሆኑ ሞተ ብሎ የጻፈው ማነው? አስታራቂው ራሱ እንዳይሆን!» አያ ይመር ተቆጥተው ልጃቸውን «ያንን ዜና ክፈቺለት» ይሏታል። ትከፍታለች። «የፈለጉት ገጽ የለም» ይላል። ሌላ ቦታ ትፈልጋለች፤ ሞትም የለም፣ እርማትም የለም። እንግዲህ የሐጂን ዘዴ ታውቃላችሁ። በሽታ ፈጥሮ የሚያስታርቅ ሰው፣ ለራሱ ጉዳይ ጊዜ ሞት ቢፈጥር ምን ይገርማል? አያ ይመር «ሳይሞት አስለቀሰኝ፤ ከእንግዲህ ቢሞትም አላለቅስ!» ብለው ወደ ደሴ መልእክት ላኩ። ስልክ ደውዬ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብላቸው፣ «የሐጂ ወዳጅ ነህ፤ በል ያለህን ትላለህ። ከጻፍክ አሳየኝ!» ብለው ዘጉብኝ።

እትዬ ፋጡማ ፒያሳ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ባሌን በሐሰት ገደልክ፤ እሱስ ይሁን፣ ተመልሶልኛል። ወንድሜን ግን ሰጥተህ ነጠቅኸኝ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ብዙ ባለሥልጣን ጮኾብኛል፤ እንቅልፍ የነሳኝ የለም። እሳቸው ግን ነሱኝ።

በማግስቱ ከሐጂ ጋር ኮምቦልቻ ወረድን። ሐጂ ከሞታቸው ወዲህ ስልክ መያዝ ጀምረዋል፤ «ሰው ሞቱን ከሌላ መስማት የለበትም» ይላሉ። ሰይድን ክፍሉ አገኘነው።

«መልሰው» አልኩት።

«ምኑን?»

«የሐጂን ሞት።»

ሐጂ በጭንቅላታቸው አረጋገጡ። «መልስልኝ ልጄ፣ ሞቴን እፈልገዋለሁ።»

«አይሆንም፣ ሐጂ። ከጋራው መዝገብ የለም፣ ከባልደረቦቹም ኮምፒውተር የለም። እኔ ጋ ቀሪ ነበረ፤ እሱንም ጠርጌዋለሁ። እኔ ስሠራ አሻራ አልተውም!» አለ ሰይድ፣ በኩራት።

«ሌባም እንዲህ ነው የሚለው» አሉ ሐጂ።

በዚህ መሐል የሐጂ ስልክ ጮኸ። አዳመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አሚን… አላህ ይስጥልኝ… ኧረ አይደለም፣ ራሴ ነኝ! ወላሂ አልሞትኩም!» ዘጉት። ወዲያው ሌላ ጮኸ። «አሚን… አይ፣ እኔው ነኝ የማነጋግርህ!»

ሰይድ ድረ ገጹን ከፈተ። ከላይ፣ በትልቁ፦ ሐጂ እንድሪስ አረፉ። ከሥሩ የኔ ስም።

ስልኬን አንስቼ ለቀረችው ባልደረባ ደወልኩ።

«ዘይነባ፣ የአራስነት አርባሽ ወጣ?»

«ትናንት! ልጁም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ሥራ ልጀምር ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ።»

«ሐጂን ምን አደረግሻቸው?»

«ምንም! ያን ዕለት ዜናህ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ጎድሎ ነበር። ጨምሬ አስመዝግቤ፣ ልልከው ስል ምጥ መጣ። አሁን ስልከው ‘የጋራው መዝገብ ካንቺ አይገጥምም’ አለኝ። ሁለቱን አዋህጄ ላክሁት። ምነው፣ ከድረ ገጹ ተነስቶ ነበር እንዴ?»

አያችሁልኝ? አቶ ፈቃደ በሥልጣናቸው፣ ሰይድ በጥበቡ፣ እኔ በዝምታዬ የቀበርነውን ታሪክ፣ አንዲት አራስ በአንድ አራት ነጥብ ቆፍራ አወጣችው። ለካ መዝገብ በየሰው ቤት ሲኖር፣ ታሪክ የሚያጥብ ሰው የራሱን ልብስ ብቻ ነው የሚያጥበው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ሰይድ አቀርቅሮ «የሷን ረሳሁት» አለ። አሻራ የማይተወው ባለሙያ!

የዘይነባን ኮምፒውተር ከቤቷ ተውሰን ወደ ደጋን ሄድን። መንገድ ላይ ሐጂ ስምንት ጊዜ ያህል አለመሞታቸውን በስልክ አስረዱ። አያ ይመር ከደጅ መለሱን አልልም፤ ወሎ ውስጥ እንግዳ ከደጅ አይመለስም። ግን ሐጂን አላዩዋቸውም። ሐጂም ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ጋደም አሉ፤ መንገዱ አድክሟቸዋል። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አያ ይመር ፊት አደረግሁት። ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበች፦ የኔ ስም፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ከዚያም ማስታወሻው።

«‘ሐጂ እንድሪስ ሐርቡ አርፈዋል። በስልክ ተረጋግጧል።’»

«‘ተረጋግጧል’ ያለው ማነው?» አሉ አያ ይመር።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው ነገሩህ?»

«‘አረፉ’ አሉኝ።»

«አረፉ?»

«አረፉ።»

አያ ይመር ዞረው ትራስ ላይ የተንጋለሉትን ሐጂን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አሁንስ ምን እያደረገ ነው?»

ሐጂን አየሁ። አማራጭ አልነበረኝም።

«አርፈዋል» አልኩ።

«ጻፍ እንግዲህ! ምን ትጠብቃለህ? ይኸው በዓይንህ አየህ!» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ቤቱ ተናወጠ። «አንተ ሐጂ! እኔ እኮ የዋሸኸኝ አንተ መስለኸኝ! ለካ ደንቆሮው ይሄ ነው!»

እውነት ነው፤ ደንቆሮው እኔ ነበርኩ። መዝገቡም የሚለው ያንኑ ነው። ስሰደብ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። አያ ይመር ስልክ አስደውለው «ፋጡማ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ይሄን ሰው ግን ደግመው እንዳይገድሉት ጠብቂው» ሲሉ፣ ከወዲያ የመጣው እልልታ ኔትወርክ አልፈለገም።

አቶ ፈቃደ አሁንም ይጥፋ ብለው ነበር። «ታሪካችን…» ሲሉ፣ «ታሪካችን ይህ ነው፤ ሌላ የለንም» አልኳቸውና አዲስ እርማት ከላይ ጨመርኩ። እርማት ከላይ ይደረባል እንጂ ከሥር አይቆፈርም። ማስታወሻውም ይኸው፦ «ሐጂ አልሞቱም፤ ጎማ ነው። ስህተቱ የኔ ነው። በአካል ተረጋግጧል።» ማንም እንዳያጥበው ግልባጩን ዘይነባ ጋ አስቀምጫለሁ። ሰይድ ዛሬ ከእሷ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነጠላ ሰረዝ አይነካም።

ሐጂ ሲሰናበቱኝ አንድ ነገር አደራ አሉኝ። «ልጄ፣ የምሞት ቀን መጀመሪያ ለራሴ ደውል። ካነሳሁ አትጻፍ።»

ባለፈው ዓርብ ለሌላ ጉዳይ ደወልኩላቸው። አላነሱም። ደገምኩ። አላነሱም። ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ… ዘጋሁት። ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉ።

«ጁምዓ ሶላት ላይ ሆኜ ነው። ጻፍከኝ እንዴ?»

«ኧረ አልጻፍኩም፣ ሐጂ!»

«ማሻአላህ! በል አሁን እረፍ።»